የመንግሥት ብር ቤታችን ይግባ ወይስ ይቅር?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንደወትሮው የፍቅር ጣጣ አይደለም። የመጣው ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«24 ዓመቴ ነው። ኮሌጅ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። 11 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ እግሮቹ አይታዘዙለትም። እስከ ሦስተኛ ክፍል እማዬ እያዘለች አድርሳ አስተማረችው። አራተኛ ክፍል ግን ፎቅ ላይ ሆነ። ልጁም ከበደ፣ የእማዬም ወገብ ደከመ፤ በቃ ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው እኔ ነኝ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ሒሳብና አማርኛ፣ ማታ ደግሞ እንግሊዝኛ። ጎበዝ ነው፤ ክፍልፋይን በአንድ ሳምንት ነው የጨረሰው።

አሁን አዲስ አበባ ሥራ ተገኘልኝ። አንድ የሠፈራችን ሰው ግን ‹ሥራውን ተዪው፤ ልጁን ቤት ስለምታስተምሪ መንግሥት ድጎማ እንዲቆርጥልሽ ማመልከቻ ጻፊ፣ እኔ አስገባልሻለሁ› አለኝ። አባዬ ሲሰማ ተቆጣ። ‹የመንግሥት ብር የገባበት ቤት ተቆጣጣሪም ይገባበታል። ነገ ምን አስተማርሽው፣ በምን ቋንቋ አስተማርሽው እያሉ ሊጠይቁሽ ነው። ልጄን በጡረታዬ አስተምራለሁ!› አለ። እማዬ ከብሩ ወገን ናት። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ምን ትመክረኛለህ?
ግራ የገባት ነኝ፣ ከሳቢያን»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ከሰዓት በርጫ ላይ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «አቦ፣ ብር ነው እኮ! ምን ያካብዳሉ?» አለ። ሌላው ደግሞ «አባትየው ልክ ናቸው፤ የሰጠ ሰው ማዘዙ አይቀርም» ብሎ ድርቅ አለ። እስኪመሽ ተከራከርን።

በመጀመሪያ ሠፈርተኛሽ የነገረሽን እናጥራ። በሀገራችን ልጁን ቤት ለሚያስተምር ቤተሰብ የተቆረጠ ድጎማ የለም። መንግሥት ለተመዘገበ ተማሪ በነፍስ ወከፍ የሚመድባት ስኩል ግራንት የምትባል ገንዘብ አለች፤ እሷም የምትሰጠው ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለእናት ወይም ለእህት አይደለም። ስለዚህ የሰውየው ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለማስገቢያ ብሎ ብር ከጠየቀሽማ ደህና ዋል በይው።

ቢኖርስ?

ይሁንና ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ድጎማው ቢኖርስ?

አባትሽን «ግትር» ብለሽ አትለፊያቸው። ድሬ ውስጥ ስንቱ ነው ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጦ፣ ወይ ቁርዓን ቤት ምንጣፍ ላይ? የኔታንም ሆነ ኡስታዙን የሚያኖረው የልጆቹ ወላጅ ነው። መንግሥት ሳይከፍል ስንት ትውልድ ማንበብ ቻለ! ሰው በገዛ ቤቱ ልጁን በየትኛው ቋንቋ፣ በምን ሥነ ሥርዓት እንደሚያሳድግ ሌላ እንዲወስንለት አይፈልግም። በተለይ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም የትምህርት ቋንቋ በሆኑባት በእኛ ከተማ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም የሚከፍል መንግሥት እንደሚጠይቅ የውጪው ዓለም ይመሰክራል። ኒውዚላንድ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች አነስ ያለ አበል ትከፍላለች፤ ወላጅ ግን «አሁንም እያስተማርኩ ነው» ብሎ በየጊዜው በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። አሜሪካ ውስጥ አሪዞና የምትባለው ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረችው የድጎማ ሒሳብ አላት። መጀመሪያ የታሰበው እንደ ወንድምሽ ላሉ አካል ጉዳተኛ ልጆች ነበር፤ በ2022 ለሁሉም ተከፈተ። ገንዘቡ ዳጎስ ያለ ነው፤ ውል ግን ያስፈርማል። የውሉን ነገር እመለስበታለሁ።

እናትሽም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። «የመንግሥት ብር» የሚባለው የማን ሆነና? እናትሽ ሳሙና በገዙ ቁጥር 15 በመቶ ቫት ይከፍላሉ። አባትሽ የሚኮሩበት ጡረታስ በመንግሥት በኩል አይደል የሚመጣው? «እሱማ ከደመወዜ ሲቆረጥ የኖረ ነው» ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። ግብሩም እንደዚያው ከኪሳቸው የወጣ ነው። የሕዝብ ብር ደግሞ የት ገባ ተብሎ መጠየቁ ነውር የለውም። ካልተጠየቀማ ሌባ ይበላዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ደብዳቤሽን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው አንዲት ቃል ያዘችኝ። «ፎቅ» የምትለዋ።

ነፃነት ነው ወይስ ማጣት?

እህቴ፣ ቤታችሁ ሁሉ ስለ ብር ሲጨቃጨቅ ስለዚያ ደረጃ የጠየቀ ሰው አለ? አራተኛ ክፍል ምድር ቤት ቢሆን ኖሮ ወንድምሽ ዛሬ ቤት ይውል ነበር? አይውልም! እንግዲያው ቤተሰባችሁ የቤት ትምህርትን አልመረጠም። ደረጃው ነው የመረጠላችሁ። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖለት «አይ፣ እኔ ራሴ አስተምራለሁ» ያለ ሰው ነፃ ነው። መግቢያ አጥቶ ቤት የቀረ ግን ነፃነት ሳይሆን ማጣት ነው ያለበት። አባትሽ ሊያስከብሩት የሚፈልጉት ነፃነት ገና እጃቸው አልገባም።

አሁን ወደ አሪዞናው ውል ልመለስ። ብሩን የሚወስድ ወላጅ፣ የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን የማስተማር ግዴታ ከእንግዲህ የለበትም ብሎ ይፈርማል። አየሽ? ድጎማው የሚያስፈራኝ ተቆጣጣሪ ስለሚያመጣ ብቻ አይደለም። ለልጁ መክፈል መወጣጫ ከመሥራት ሲቀል፣ «ይኸው ብራችሁ፣ ልጁን ቤት ያዙት» ማለት ይመጣል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእህቴን ልጅ እኔ ነበርኩ የማስተምረው። ትምህርቱ አልጎደለበትም። አንድ ቀን ግን ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሲያወራ ሰማሁት። የክፍሉን ልጆች ስም በተራ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም ራሱ «አቤት!» ይላል። ያን ቀን ሆዴ ተላወሰ። ያቺን «አቤት» አንቺም ሆንሽ እኔ ቤት ውስጥ ልናስተምራት አንችልም።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽኝ

አንደኛ፣ ማመልከቻ ጻፊ፤ ግን ለድጎማ አይደለም። ለርዕሰ መምህሩ «አራተኛ ክፍል ወደ ምድር ቤት ይውረድልን» ብላችሁ ጻፉ። ክፍል ማለዋወጥ ሲሚንቶ አይፈጅም። የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጓል። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ልጅ ከትምህርት እንዳይገለል ያዛል። ግልባጩን አስመትተሽ ያዢ። እንቢ ካሉ ወደ ትምህርት ቢሮ፤ አካቶ ትምህርትን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ከመንግሥት መጽሐፍ ቢሰጥሽ ተቀበዪ፣ ለፈተና ቢያስቀምጡት ደስ ይበልሽ። እነዚህ ማንንም ባለዕዳ አያደርጉም። አንድ ቀን የብር ድጎማ ከመጣ ደግሞ ወረቀቱን አንብቢ። ብሩ ምን ላይ እንደዋለ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ፈርሚ። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ቃል ካለበት ግን እንዳትነኪው።

ሦስተኛ፣ ሥራውን እንቢ አትበይ! አንቺ እህት ነሽ እንጂ ትምህርት ሚኒስቴር አይደለሽም። የልጁ ጉዳይ መልክ እስኪይዝ ጥቂት ቀን ጠይቂ፤ ከዚያ ሂጂ። እንግሊዝኛውን ማታ ማታ በስልክ ታስቀጥይዋለሽ። አባትሽ «በጡረታዬ አስተምራለሁ» ብለው የለ? በአክብሮት ቅረቢያቸውና «አባዬ፣ እንግዲያው የባጃጁን የወር ኮንትራት አንተ ቻል» በያቸው። ኩራታቸውም ይጠበቃል፣ የእናትሽም ወገብ ያርፋል።

ርዕሰ መምህሩ ያሉሽን ጻፊልኝ። እናንተም አንባቢያን፣ ቤታችሁ ውስጥ ደረጃ ያስቀረው ልጅ ካለ እንዴት እንደተወጣችሁት አካፍሉን። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን፤ ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።