ቴፕ መሳዩ ዲስክ ወይስ ተራው ዲስክ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የሚያቋርጠው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ለብሶ ይታያል። በወረታ ከተማ ዙሪያ፣ እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉት ቀበሌዎች፣ ገበሬው ይህን ውኃ ሩዝ ያበቅልበታል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በወረታ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ግን ያው ውኃ ጠላት ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳውን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ገና አልተረሳም።

ይህ ሁሉ ከኮምፒዩተር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገናኘው መረጃ ነው። አንድ የሩዝ ዝርያ ተዘርቶ ያበበበት ቀን፣ የቁመቱ ልክና የምርቱ ክብደት በየክረምቱ ይመዘገባል፤ የወንዝ ከፍታና የዝናብ መጠንም እንደዚሁ። የተበላሸ ኮምፒዩተር በሌላ ይተካል። የጠፋ የአንድ ክረምት መዝገብ ግን አይተካም፤ ያንን ዝናብ ደግሞ የሚያዘንብልን የለምና።

ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል። በምን ላይ ይቀመጥ? በሚለው ጥያቄ ግን ባለሙያዎች ይለያያሉ። የቀደመው መልስ ማግኔታዊ ቴፕ ነበር። ቴፕ እንደ ድምፅ ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበብ ነው፤ መካከሉ ላይ ያለውን አንድ ፋይል ለማግኘት ማጠንጠን ግድ ይላል። ደግሞም መረጃው በፍጥነት ካልደረሰው ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል። በትልልቅ ድርጅቶች ሌሊት ሌሊት ብዙ ሰርቨሮች ለጥቂት የቴፕ ማጫወቻዎች ወረፋ ይይዙ ነበር።

«ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ» የተባለው ዘዴ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1997 ለትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ካቀረበው ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ነገሩ በአጭሩ ማስመሰል ነው። ሶፍትዌሩ «ካሴት አምጣ፣ አጠንጥን፣ ጻፍ» ብሎ ያዛል፤ ከወዲያኛው ወገን ያለው ግን የዲስክ ክምችት ነው። ዲስኩ «እሺ፣ አጠነጠንሁ» ይላል እንጂ የሚያጠነጥነው ነገር የለውም! ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ለብዙ ዓመታት በቴፕ ሲሠራ የኖረ ድርጅት የቆየ ሶፍትዌሩንና የሥራ ልማዱን ሳይለውጥ የዲስክን ፍጥነት ያገኛል፤ ወረፋውም ይቀራል።

እኛ ግን እንዲህ እንጠይቃለን። ቴፕ ኖሮት የማያውቅ የምርምር ጣቢያ ወይም ፋኩልቲ ዲስክ ቴፕን እንዲመስልለት ለምን ይከፍላል? የዛሬ የመጠባበቂያ ሶፍትዌር በቀጥታ በዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የተደጋገመውንም አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣል። ማስመሰያው የሚፈታው ችግር የእኛ ችግር አይደለም። የሙከራ ሠንጠረዦቻችን ትንንሽ ናቸው፤ ፎቶግራፎቹ ሲጨመሩ እንኳ አብዛኛው ነገር በጥቂት ቴራባይት ይጠቃለላል። ስለዚህ ለእኛ ተራው ዲስክ ይበቃል እንላለን።

ይህን ስንል የዲስክን ድካም አንክድም። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ኮምፒዩተሩን የሚያገኘው ሁሉ ያገኘዋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ መጠባበቂያውንም አብሮ ይቆልፋል። ቴፕ መሳዩ ዲስክ እንደ ተራ ፎልደር ስለማይታይ ትንሽ ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን እሱም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኤሌክትሪክ የሚኖር ዲስክ ነው። እውነተኛው ቴፕ እዚህ ላይ ያሸንፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የሶፍትዌር ስሕተት የተወሰኑ የጂሜይል ተጠቃሚዎችን ደብዳቤዎች በተለያዩ ማዕከላት ከነበሩት ቅጂዎች ሁሉ ላይ ሲያጠፋ፣ ጉግል ደብዳቤዎቹን የመለሰው ከቴፕ ነበር። ቴፑ ከመረቡ ውጭ ስለነበር ስሕተቱ አልደረሰበትም። አንድ የኤል.ቲ.ኦ. ካሴት በ2000 ከያዘው 100 ጊጋባይት ተነሥቶ በ2021 በወጣው ዘጠነኛ ትውልድ 18 ቴራባይት መድረሱም ቴፕ ገና እንዳልሞተ ያሳያል። ሆኖም ማጫወቻው በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ስለሆነ ለትንሽ ጣቢያ አንመክረውም። ከመረቡ ውጭ መሆንን ተራ ዲስክም ነቅለን ብናስቀምጠው ይሰጠናል።

የት እናስቀምጠው? ለእኛ ከዕቃው ዓይነት ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጆን ከተማ፣ በሴፕቴምበር 2025 የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል የመንግሥት ሠራተኞች ያከማቹት 858 ቴራባይት ጠፍቷል፤ በሌላ ስፍራ ቅጂ አልነበረውምና። አገሪቱ ዲስክ አጥታ አይደለም። በአንጻሩ የእኛ አገር የብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ኮምፒዩተር ገና ባልተስፋፋበት ዘመን አስተዋዮቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ብዙም ከፍ አይልም። ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የምትገኘው ደብረ ታቦር ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የጣና ጎርፍ አይደርስባትም። ሁለት ዲስክ ገዝቶ አንዱን በየወሩ ወደዚያ መላክ የአውቶቡስ ዋጋ እንጂ የጨረታ ሰነድ አይጠይቅም። ሦስተኛ ቅጂ አዲስ አበባ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል። ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ይህ እናንተንም ይመለከታል። አንድ ሥራ ግን ብዙዎች ይዘነጉታል፦ የተቀመጠው ቅጂ መከፈቱን ማረጋገጥ። ሩዙ በኅዳር ሲታጨድ፣ አዲሱ መዝገብ ከመጻፉ በፊት፣ ከደብረ ታቦሩ ዲስክ ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ አውጥቶ ከዋናው ጋር ማስተያየት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።