ጭብጨባ መምህር አይደለም

በየትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል፣ በየወረዳው አዳራሽና በየባህል ማዕከሉ ዐውደ ርእይ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይሰማ አይውልም። «ሳይማር እንዲህ የሣለ፣ ቢማር ምን ሊሆን ነበር!» ይባላል። ተናጋሪው መልካም የተናገረ ይመስለዋል። ሥዕሉን ያቀረበው ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የጂኦግራፊ መምህርም አንገቱን ደፋ አድርጎ ያመሰግናል። ተመልካቹ አጨብጭቦ ይወጣል፤ ሥዕሉ ከግድግዳው ይወርዳል። በዓመቱ ያው ሠዓሊ ያንኑ የመሰለ ሥዕል ይዞ ይመለሳል፤ ያው ዐረፍተ ነገርም ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህ አባባል ቅርጹ ምስጋና፣ ይዘቱ ግን ስንብት ነው። «ሳይማር» ሲል ሰውየው ከሥራ መልስ በመብራት ሥር ያሳለፋቸውን ሌሊቶች ከትምህርት አይቆጥራቸውም፤ «ቢማር» ሲል ደግሞ የመማሪያው ጊዜ እንዳለፈበት ይፈርድበታል። አማተሩን ሠዓሊ እንደ ብርቅ ነገር ያሳየዋል እንጂ ሥራውን እንደ ሥራ አይመረምርለትም።

ከዚህ አመለካከት ሥር እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስሉ፣ ፍሬያቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ ሥዕል ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣ ስጦታ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ሥዕል አይለመድም የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥረትን አላስፈላጊ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከንቱ። በሁለቱም በኩል በትርፍ ጊዜው የሚሥለው ሰው ባለበት እንዲቀር ተፈርዶበታል።

የመጀመሪያውን ስሕተት የቪንሰንት ቫን ጎግ የሕይወት ታሪክ ያፈርሰዋል። ቫን ጎግ የሥዕል መሸጫ ድርጅት ሠራተኛ፣ ረዳት መምህርና ሰባኪ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነበር። የጀመረውም በቀለም ሳይሆን በንድፍ ነው። ሻርል ባርግ ለጀማሪዎች ያዘጋጃቸውን የንድፍ መልመጃ ገጾች ደጋግሞ ገለበጠ። የቅርቡ ትልቅ፣ የሩቁ ትንሽ ሆኖ የሚታይበትን ሕግ ለመጨበጥ ክር የተወጠረበት የእንጨት ማዕቀፍ አሠርቶ ሜዳ ለሜዳ ይዞት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1885 «ድንች ተመጋቢዎቹ» የተሰኘውን ሥዕል ከማቅረቡ በፊት የገበሬዎችን ፊት ብቻ 40 ያህል ጊዜ ሥሏል። የመጀመሪያዎቹን ንድፎቹን ያየ ሰው ደረቅና ግትር የሆኑ ምስሎችን ያገኛል። ስጦታ የሚባለው ነገር በእነዚያ ገጾች ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ስሕተት ደግሞ አንሪ ሩሶ ያፈርሰዋል። ይህ ሰው በፓሪስ ከተማ መግቢያ ኬላ ላይ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበረ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይገባ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ፤ ብዙዎች ሳቁበት። በ49 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ ቀሪ ዘመኑን ለሥዕል ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1908 ፒካሶ በስቱዲዮው ግብዣ አድርጎ አከበረው። ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ «መምህር አያስፈልግም» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል። ሩሶ በቤተ መዘክር የታላላቆችን ሥዕሎች ለመቅዳት ፈቃድ አውጥቷል፤ የዱር ሥዕሎቹን ቅጠሎች በፓሪሱ የዕፀዋት ማዕከል እየተመላለሰ አጥንቷል፤ ተፈጥሮ ብቻ እንዳስተማረችው ሲናገር እንኳ ከሁለት ሠዓልያን ምክር መቀበሉን ሳይጠቅስ አላለፈም።

እንግዲህ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሠዓሊ ማለት መምህር የሌለው ሠዓሊ ማለት አይደለም፤ መምህሩን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ማለት ነው። ይህም ለኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ እንግዳ አሳብ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች በሥዕል ተሸፍነው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ነገር ግን ሥርዓት ነበረው። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቀለም መፍጨትን፣ ጨርቅን በግድግዳ ላይ መለጠፍን፣ መስመር መጣልን ተማረ። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ክፉ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ሆኖ እንደሚሣል ሲማር፣ የሚማረው የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን የአስተያየትም ሥርዓት ነበር። የመምህሩን ሥራ መቅዳት ለእርሱ ነውር ሳይሆን ፊደል መቁጠር ነበር።

በአንጻሩ የዛሬው አማተር ሠዓሊ ሲቀዳ ያፍራል፤ የሚያፍርበትን ግን አያውቅም። የሚያሳፍረው ከፎቶግራፍ የተገለበጠ ቁንጅናን የራስ ፈጠራ ብሎ ማቅረብ እንጂ ለመማር መቅዳት አይደለም። ቫን ጎግ ከበሰለም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ የሚሌን ጥቁርና ነጭ ኅትመቶች በቀለም እየተረጎመ ይቀዳ ነበር። ፎቶግራፍ በበኩሉ ዓለሙን አስቀድሞ ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ጥላውንም ብርሃኑንም ወስኖ ያቀርባል። ሁልጊዜ ከእርሱ ብቻ የሚገለብጥ ሰው መወሰን የሚገባውን ነገር ካሜራው ስለወሰነለት ዓይኑ ሥራ ፈቶ ይቀራል። በጠረጴዛ ላይ ያለ ጀበና፣ በርጩማ፣ የተከፈተ በር፣ ክፍያ የማይጠይቀው የራስ ግራ እጅ፣ እነዚህ በየቤቱ የሚገኙ መምህራን ናቸው።

ድግግሞሽ በራሱ ዕድገት አለመሆኑም መታወቅ ይኖርበታል። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጃገረድን ከዓመት ዓመት በአንድ አቀማመጥ የሚሥል ሰው አሥር ዓመት ሣለ አይባልም፤ አንድ ሥዕል አሥር ዓመት ሣለ እንጂ። እጅ መሣል የሚቸግረው እጅን በጋቢ ይሸፍናል፤ እግር መሣል የሚፈራ እግርን በሣር ይደብቃል። ተመልካቹ ጋቢውን አይቶ ያደንቃል፤ ሠዓሊው ግን ከጋቢው ሥር ምን እንደደበቀ ያውቃል። ልምምድ ዕድገት የሚሆነው ወደሚሸሹት ነገር ሲዞሩ፣ አንድን ድክመት ለይተው እርሱን ብቻ ሲሠሩ፣ ሥራዎችንም ቀን እየጻፉ አስቀምጠው የዛሬውን ከአምናው ጋር ሲያስተያዩ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሥዕል ትምህርት ሞልቷል። የጎደለው ትምህርት ሳይሆን ቅደም ተከተልና ፍርድ ነው።

ፍርድ የሚመጣው ደግሞ ከሂስ ነው። እዚህ ላይ የመምህሩ፣ የባህል ኃላፊውና የሠለጠነው ሠዓሊ ኃላፊነት ይጀምራል። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ሂስ አይደለም፤ ከጥያቄው ለማምለጥ የሚነገር ትሕትና ነው። «ይህማ ሥዕል አይባልም» ማለትም ሂስ አይደለም፤ ንቀት ነው። ሂስ ማለት ብርሃኑ በቀኙ መስኮት እየገባ የጀበናው ጥላ ወደ ቀኝ መውደቁን አሳይቶ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። «ድንች ተመጋቢዎቹ» በድንጋይ ኅትመት ሲወጣ የቫን ጎግ ወዳጅ ሠዓሊው ፋን ራፓርድ ክንዱ አጥሯል፣ እጁ የሐሰት ነው ሲል ነቀፈው። ነቀፋው ነጥብ ነበረው፤ ቃሉ ግን ንቀት ስለተቀላቀለበት ደብዳቤው ወደ ላኪው ተመለሰ፤ ወዳጅነታቸውም በዚያው ዓመት አከተመ። ቫን ጎግ ግን በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ በአንትወርፕ አካዳሚ ገብቶ ከተማሪዎች መካከል ተቀምጦ ሣለ። የተቆጣ ሰው ነበር፤ መማርን ግን አላቆመም።

አንዳንዶች «አማተሩ ለደስታው ይሥላል፤ ለምን ይረበሻል?» ይላሉ። ለደስታው ብቻ የሚሥል፣ ማሻሻልንም የማይሻ ሰው መብቱ ነው፤ ማንም በሩን ሊያንኳኳበት አይገባም። ነገር ግን ሥራውን ይዞ መጥቶ «እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀን ሰው በጭብጨባ መሸኘት ማክበር አይደለም። እውነቱን ለመሸከም አቅም የለውም ብሎ መገመት ነው። ደስታውም ቢሆን ከዕድገት የተለየ አይደለም፤ ባለበት የሚረግጥ ሠዓሊ ቀስ በቀስ ብሩሹን አልጋ ሥር ጥሎ የሚቀረው ስለሰነፈ ሳይሆን ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚያሳየው ስላጣ ነው።

የሚጠየቀው ታላቅ በጀት የሚሻ አይደለም። ማንኛውም የአማተሮች ዐውደ ርእይ ከመክፈቻው ንግግር ጎን ሠዓሊውና ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት የሂስ ሰዓት ይኑረው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ መምህር በሚገኝበት ከተማ ሁሉ በወር አንድ ምሽት የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ይከፈት፤ ወረቀትና ከሰል ይቅረብ፤ የሚቀመጥም ሞዴል ይገኝ። አማተር ሠዓልያን ለበዓል ጌጥ ብቻ የሚጠሩበት ልማድ ይቅር። የሠለጠነውም ሠዓሊ የጎረቤቱን አማተር ሥራ ሲያይ ፈገግ ብሎ ከማለፍ ወንበር ስቦ ይቀመጥ።

ያን ጊዜ ነርሱ ወይም የሒሳብ ሠራተኛው በዓመቱ ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሌላ ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ እጁም ከጋቢው ሥር ይወጣል። ተመልካቹም «ሳይማር እንዲህ የሣለ» ማለቱን ትቶ ከማን፣ ምን፣ እንዴት እንደተማረ ይጠይቀዋል።