ባቡሩን ከአልጋው ሥር አውጣው

እስቲ ዛሬ ደግሞ ከመካነ ሰላም የደረሰኝን ደብዳቤ እናንሣ። ጸሐፊው የ28 ዓመት ወጣት ነው። ሥራ አለው፣ እጮኛ አለችው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ታዲያ ችግሩ መጠጥ ወይም ውሽማ እንዳይመስላችሁ፤ ባቡር ነው! ከክብሪት ቀፎ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከሽቦ የሠራውን ባለ አምስት ፉርጎ ባቡር አልጋው ሥር ደብቆ ይኖራል። ሰሞኑን እጮኛው ሳታስበው ብትመጣበት በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ሁለት ፉርጎ ተጨፈለቀ። «ሳታይብኝ ላቃጥለው ወይስ ላሳያት? እንደ ሕፃን ብትንቀኝስ?» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ እሑድ ጓደኞቼ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ነን፤ ሦስታችንም የዚሁ በሽታ ምርኮኞች። አንደኛው የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አባቱ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። አንብቦ ሲጨርስ ስለ ሠርጉ ትንፍሽ አላለም። «ሐዲዱን በስንት ስፋት ሠራው?» አለኝ። በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ! በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። በፈረንጅ አገር በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ስለሆነ አዲሱ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው 11.5 ገደማ ይሆናል። «20 ሜትር ፉርጎ 23 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አራት የክብሪት ቀፎ ተኩል» አለ ሌላው። «ተኩሉን ማን ይቁረጠው?» ተባብለን ሳቅን። ቡናው ቀዘቀዘ።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። በልጅነቴ «ባቡር ቤት ሂድ» ከተባልኩ እህል ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ነበር የምሄደው። ሐዲድ ያየሁት አዲስ አበባ መጥቼ፣ ለገሃር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም ሲጀመር እንኳ ለመካነ ሰላም ሰው በአቀስታ አድርጎ፣ ደሴን አልፎ የሚደረስበት ነገር ነው። ታዲያ ያላየነውን ነገር በሽቦ ብንሠራው ምን ይገርማል?

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም ሁለት ዓመት ደብቄ ነበር። ባለቤቴ ቤት ስትጠርግ አገኘችው። አፈርኩ። መሬት ቁጭ ብላ አየችውና «ሰው የታለ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ያን ሁሉ ፉርጎ ስሠራ አንድ ተሳፋሪ አላሰብኩም። በማግሥቱ ከጨርቅ ቁራጭ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ሠርታ ጣቢያው ላይ አቆመችልኝ። (ከባቡሩ ትበልጣለች፤ ልኬት የሚባል ነገር አታውቅም።)

የአንተዋ እንዲህ ትሁን አትሁን እኔ አላውቅም። ልትስቅ ትችላለች፤ አብረህ ሳቅ። «ስንት ሰዓት ትፈጅበታለህ? ስንት ብር?» ካለችህ ግን በቀልድ አትለፈው፤ ለትዳር የሚሆን ጥያቄ ነው፣ ሳትቀንስ ንገራት። «አቃጥለው» ካለች ደግሞ ከሠርጉ በፊት ብትሰማው ይሻልሃል፤ ከጋብቻ በኋላ አልጋው የሁለታችሁ ነው፣ ሥሩም እንደዚያው።

የተጨፈለቁትን ፉርጎዎች ሳትጠግን አሳያት። ማን እንደጨፈለቃቸውም ንገራት። የድሬው ጓደኛዬ ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል፦ ሐዲዱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?