ፊቱ የማን ነው?

ካናዳ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ቀን ያውቀዋል። ከመስቀል ሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ልጁ ብርቱካናማ ቲሸርት ካልለበስኩ ብሎ ያስቸግራል። ነገሩ የመጣው ከነባር ሕዝቦች ተወላጇ ከፊሊስ ዌብስታድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973፣ ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ አያቷ የገዙላትን አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ በዚያው በመጀመሪያው ቀን አስወልቀው ወሰዱባት።

መንግሥት በሚደጉማቸውና አብያተ ክርስቲያናት በሚያስተዳድሯቸው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች አልፈዋል። ፀጉራቸው ተቆርጧል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀጥተዋል፣ ብዙዎቹም በስማቸው ፈንታ በቁጥር ተጠርተዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ከነባር ሕዝቦች የወጡ ሠዓሊዎች ከዚያ የተረፉትን አዛውንቶች ፖርትሬት ሲሥሉ ክብር ነው የሚል አለ፤ ቁስል መነካካት ነው የሚልም አለ። እኔ አንዱንም ወገን በቀላሉ ልገፋው አልቻልኩም።

ክብር ነው የሚሉትን ለመረዳት አንድ ጥንድ ፎቶ ማየት ይበቃል። የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚመለከተው የካናዳ መሥሪያ ቤት በ1896 ሪፖርቱ ያወጣው ነው፤ ቶማስ ሙር ኪሲክ የተባለ የሬጃይና ትምህርት ቤት ልጅ፣ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ። በፊተኛው ፎቶ ጉንጉን ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ልብሱ በጌጥ ተሞልቷል፣ እጁ ላይ ሽጉጥ አለ። ለዚያ ለሚያህል ልጅ ሽጉጥ ማን ሰጠው? ፎቶ ቤት የተሰናዳ ትዕይንት መሆኑ ያስታውቃል። በኋለኛው ፀጉሩ አጥሮ፣ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ደገፍ ብሎ ቆሟል። ልጁ ሁለቴ ፎቶ ተነሥቷል፤ አንዴም ግን ራሱን ሆኖ አልተነሣም። ከአያቱ ልጅነት የቀረው ምስል እንዲህ ያለው ብቻ ለሆነ ቤተሰብ፣ የወገን ሠዓሊ ሻይ እየተጠጣ፣ ወግ እየተወጋ፣ ለሰዓታት ተቀምጦ የሚያወጣው ፊት ትልቅ ነገር ነው። በእኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ፊት ለፊት መሣል ማዕረግ መሆኑን ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቁስል ነው የሚሉትም ግን እውነት አላቸው። የተሣሉት ሴትዮ አያት ናቸው እንበል፣ ዓሣ አጥማጅም፣ ቀልደኛም። ከሥዕሉ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን ከዚህ ሁሉ መርጦ «ከአዳሪ ትምህርት ቤት የተረፉ» ይላል። ያ ትምህርት ቤት በዚህ በሰማንያ ዓመታቸውም አለቀቃቸውም ማለት ነው። ደግሞም የነባር ሕዝቦችን ፊት «ለታሪክ ማስቀረት» የቆየ ሥራ ነው፤ ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ከርቲስ በ1910 ፒጋን በተባለ ነባር ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ባነሣው ፎቶ ላይ በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረችውን የጠረጴዛ ሰዓት ፍቆ አጥፍቷታል። የሚጠፋ ዘር ነበር ማሳየት የፈለገው፤ ሰዓት ያለው ሰው አልተመቸውም።

ክሪ ከተባለው ነባር ሕዝብ የተወለደው ኬንት ሞንክማን በ2017 የሣለው «ጩኸቱ» ሌላ መንገድ ይዟል። ቀይ ኮት የለበሱ ፖሊሶች፣ ቄሶችና መነኮሳት ልጆችን ከእናቶቻቸው ክንድ ሲነጥቁ ያሳያል፤ ዴንቨር ሙዚየም ሄዶ ፊቱ የቆመ ሰው አላወቅሁም ነበር ማለት አይችልም። ይህን ለማያውቅ ሰው ሥዕሉ ያስፈልጋል እላለሁ። ያን ቀን በሕይወቷ ያየች ሴት ግን ለምን ደግማ ትየው?

ሚዛን የሰጠኝ ሥዕል አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ የቀድሞ ተማሪዎች ለካሳ ሲሉ በዝግ የሰጡት ምስክርነት ምን ይሁን የሚለው ክርክር በ2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ታሪክ ይጠፋል ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ውኃ የሚያነሣ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሰነዱ ለ15 ዓመት ተጠብቆ፣ ባለታሪኩ ይቀመጥልኝ ካላለ እንዲወገድ ወሰነ። ለፖርትሬትም እንዲሁ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የተሣለው ሰው አንድ ቀን «አውርዱት» ማለት ይቻለው። ሠዓሊው «ታዲያ ሥራዬስ?» ቢል አልፈርድበትም። ከትምህርት ቤቱ ሳይመለሱ ለቀሩት ልጆች ደግሞ ይህ መላ አይሠራም፤ ዘመዶቻቸው በአንድ ፎቶ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ።

አሌክስ ጃንቪዬ በስምንት ዓመቱ ብሉ ኩዊልስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ አድጎም ከካናዳ ስመ ጥር ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። በ2001 የሣለው «የደም እንባ» የማንንም ፊት አያሳይም፤ ቀለምና መስመር ነው። የተወሰደበትን ሁሉ፣ ቋንቋውን፣ ባህሉን፣ ወላጆቹን፣ በገዛ እጁ ዘርዝሮ ጽፏል፤ የጻፈው ግን በሸራው ጀርባ ነው። ሥዕሉ እንደ ወጉ ከተሰቀለ ዝርዝሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።