ከካርቱም ዴም የተመለሱ ኢትዮጵያውያን የጡረታ ዘመናቸው ከየት ይቆጠራል?

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ በካርቱም ዴም ሰፈር በምግብ ቤት፣ በቡና ሽያጭና በቤት ሠራተኝነት ይተዳደሩ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በሱዳን የሠሩባቸው ዓመታት ግን በኢትዮጵያ የጡረታ መዝገብ ላይ የሉም።

በአገር ውስጥ ሥራ ለሚቀይር ሰው ጉዳዩ እምብዛም አያስጨንቅም። በዓመቱ አጋማሽ ከአንድ የግል ድርጅት ወደ ሌላ ቢዛወር የቀድሞ አገልግሎቱ ከአዲሱ ጋር ይደመራል። ከደመወዙ 7 በመቶ እርሱ፣ 11 በመቶ አዲሱ አሠሪው ያዋጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የተዘረጋው፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 የተተካው ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ነው።

የሱዳን ሕግም ከአሠሪ 17፣ ከሠራተኛ 8 በመቶ መዋጮ ይጠይቃል። በቃል ስምምነት ለተቀጠረች የዴም አስተናጋጅ ግን ይህ ብዙም ትርጉም አልነበረውም። የእርጅና መጠባበቂያዋ ዕቁብ፣ ወይም ሱዳናውያን ሰንዱቅ የሚሉት ማኅበር፣ አለዚያም በቤቷ ያስቀመጠችው ጥሬ ገንዘብ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር 600 ፓውንድ ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በጥቁር ገበያ ከ2,000 ፓውንድ አልፏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶች እንዲቀየሩ ሲወሰን፣ ቅያሪው የተካሄደው ሠራዊቱ በሚቆጣጠራቸው ግዛቶች ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የዕድሜው ስሌት ነው። በኢትዮጵያ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ሲሆን፣ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ52 ዓመቷ የተመለሰች ሴት በማግሥቱ ብትቀጠር እንኳ የምትሞላው 8 ዓመት ነው፤ የሚደርሳትም የአንድ ጊዜ ዳረጎት ይሆናል። የ45 ዓመት ተመላሽ ጊዜ አለው፤ ነገር ግን መዋጮውን በየወሩ የሚያስገባ አሠሪ ማግኘት ይኖርበታል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.አ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 157 አገሮች የስደተኛ ሠራተኞችን የአገልግሎት ዘመን እንዲደምሩ መንገድ ያሳያል። መዋጮ ላልተከፈለበት ሥራ ግን የሚደመር ዘመን የለም። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚታቀፉበት አማራጭ በኢትዮጵያ ሕግ አለ። በመተማና በጎንደር ጎዳናዎች ጀበና ይዘው ሥራ ለጀመሩት ተመላሾች የቀረበው በር ይህ ቢሆንም፣ የአሠሪውን ድርሻ የሚጋራቸው የለም።