ከሠርግ በፊት ስለሚታይ የልብ ሥዕል

በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በመሀል ከተማ ልጃቸውን ለመዳር የሚያስቡ ወላጆች ዘርን፤ ጠባይንና ሙያን አጥብቀው ይመረምራሉ። ልጅቱ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት እንደ ሆነ ግን «ከልጅነትዋም ደካማ ናት» ብለው ያልፉታል። ይህ ድካም ከልብ በር መጥበብ የመጣ ሊሆን ይችላልና በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በአገራችን የደዌው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት የያዘ የጉሮሮ ሕመም ነው። በመድኃኒት ሳይታከም ሲቀር (እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒቱ አይደለም) ትኩሳትና ቁርጥማት ያስከትልና በግራው ልብ ውስጥ ያለውን ማይትራል የተባለውን በር ያቆስለዋል። ከዓመታት በኋላም የበሩ ከንፈሮች ይደድራሉ፤ ይጣበቃሉም።

ጤነኛው በር ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 1.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሞች ከባድ ጥበት ይሉታል። በእርግዝና ጊዜ ደም እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፤ በጠባቡ በር ማለፍ ያቃተው ደም በሳንባ ይከማቻል። ጤነኛ ትመስል የነበረች ሴት ነፍሰ ጡር ሆና የምትታፈነው ስለዚህ ነው።

ይህን አስቀድሞ የሚያሳየው ኢኮ የተባለው ምርመራ ነው። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ልብ ልኮ ማሚቶውን ሥዕል ያደርገዋል። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የጀመሩት በመርከብ መሥሪያ ቤት ብረት በሚፈተሽበት መሣሪያ ሲሆን፤ ኤድለር ለማየት የፈለገው ይህንኑ በር ነበረ።

ሥዕሉ ስለ ወደፊቱም ይናገራል። በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የዊልኪንስ መለኪያ ለበሩ እንቅስቃሴ፤ ለውፍረቱ፤ እንደ ኖራ ለመድረቁና ከሥሩ ላሉት ጅማቶች ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ8 ያልበለጠ እንደ ሆነ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ፊኛ በሩን ማስፋት ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ከበለጠ ተስፋው ይቀንሳል። በሩ በብረት የተተካላት ሴት ደግሞ ዕድሜ ልኳን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ከእነዚህም ዋናው መድኃኒት ለፅንስ አደገኛ ነው። ስለዚህ የምርመራው ጊዜ ከሠርግ በፊት ነው እንላለን።

የአቃቂ ቃሊቲ እናት ነፍሰ ጡር ልጅዋን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስትወስድ ስለ ትንፋሽዋ ሳትጠየቅ ትናገር። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ድርጅት ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ በተከፈተው የልብ ማእከል ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነውና መዘግየት አይበጅም።

ሕመሙን ከአማቾች መሰወር ክብርን መጠበቅ የሚመስላቸው አሉ። ያላወቁት አማቾች ግን ሸክም ያሸክሟታል፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የምትወጋውን የፔኒሲሊን መርፌም በስውር ስትወጋ ኖራ አንድ ቀን ታስታጉለዋለች።