ኦቲዝም ያለበት ልጅ መጋዝ ይያዝ?

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍና በአካባቢው ሰው የሚተኛበት አንገረብ ያለ ሚስማር የሚጋጠም የእንጨት አልጋ ነው፤ መሐሉ በጠፍር ወይም በገመድ ይጠለፋል። ሲሠራ አንዱ እርምጃ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፤ የሥራው ማብቂያም በዓይን ይታያል። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የእንጨት ሥራ ይሰጥ የሚሉ ወገኖች የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቁ ይረጋጋሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሪክ ሾፕለር እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን ካሮላይና ያስጀመሩት ቲች የተባለ አሠራርም ሥራን ከፋፍሎ በሥዕል ቅደም ተከተል ማሳየትን ይመክራል። ኦቲዝም ያለባት ቴምፕል ግራንዲን ሰውነቷን አቅፎ ጭንቀቷን የሚያረግብላትን መሣሪያ በወጣትነቷ የሠራችው በኮምፔንሳቶ ነው።

የሚጠራጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የማሽን ጩኸት አንዳንዱን ልጅ ያሳብደዋል፤ ሌላው ደግሞ እጁ ሲቆረጥ ሕመሙን ቶሎ ላያሳውቅ ይችላል። የጠንካራ እንጨት ብናኝም ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ለእኔ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ የእጅ ሥራ የንግግርን ቦታ እንዳይወስድ እሰጋለሁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንይዝም ሲሏቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ማስተማሪያም አዘጋጁ፤ ልጁ የልቡን መግለጽ እንዲችል ነበር ድካማቸው። «ለእንጨት ሥራ ይሆናል» ተብሎ ከፊደል የሚገለል ልጅ ይህን ዕድል ያጣል።

በገዳሪፍ ባሉት በኡም ራኩባና በቱነይድባህ የስደተኞች መጠለያዎች ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ የሸሹትን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር የጦርነቱ ተፈናቃዮችም ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ። እንጨት እዚያ ማገዶ ነው፤ ሊለቅም የሚወጣ ስደተኛም አንዳንዴ ከባለ መሬቱ ጋር ይጋጫል። ምጣድ የሚጥዱበትን ለመለማመጃ ስጡን ማለት ለእናቶች ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ ሚዛኑ ወደ ማስተማሩ ያደላብኛል። ማሽን ይቅር፤ አዲስ ግንድ መቁረጥም አያስፈልግም። ከተሰበረ አልጋ በተረፈ እንጨት፣ በብርጭቆ ወረቀት በማለስለስና ጠፍር በመጥለፍ ይጀመር፤ ልጁ የለመደው አንድ ሰው ሁልጊዜ አብሮት ይቀመጥ። መጋዝና መሮ ግን ልጁ በቃልም በሥዕልም «በቃኝ» ማለትን እስኪችል፣ መምህሩም ያን ሲያይ ወዲያው ማቆምን እስኪለምድ ይቆዩ።